«ያዩትን ማስካድ»፤ የአንድ ስያሜ ታሪክ ከለንደን እስከ ፎገራ

1. መግቢያ

እንግሊዝኛው «ጋዝላይቲንግ» የሚለው ቃል አስተርጓሚዎችን ማስቸገር ከጀመረ ሰነባብቷል። ቃሉ በሥነ ልቡና መጻሕፍት፣ በትዳር ክርክር ሰነዶች፣ በውጭ አገር ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሚዘጋጁ የምክር ጽሑፎች ሁሉ ይገኛል። አንዳንዱ ተርጓሚ እንዳለ በፊደላችን ይጽፈዋል፤ አንዳንዱ «ማታለል» ይለዋል፤ ሌላውም «የሥነ ልቡና ጥቃት» ብሎ ያልፈዋል። የመጀመሪያው ለአማርኛ አንባቢ ምንም አይነግረውም። ሁለተኛው ሌላ በደል ይሰይማል። ሦስተኛው ደግሞ እጅግ ስለሚሰፋ ስድብንም፣ ዛቻንም፣ ማግለልንም አንድ ላይ ይጠቀልላል።

ጉዳዩ ከተርጓሚ ምቾት ያለፈ ነው። ይህ በደል የሚፈጸምበት ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣው የደረሰበትን የሚናገርበትን ቃል ነውና። ቃል ያጣ ተበዳይ ደግሞ ሊደግፈው ለሚመጣ ሰው እንኳ ችግሩን ማስረዳት ይቸግረዋል። ስለዚህ የምንመርጠው ስያሜ ለመዝገበ ቃላት ገጽ ብቻ ሳይሆን ለተበዳዩና ለደጋፊው የሚያገለግል ሊሆን ይገባል። ይህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የቃሉን ታሪክ ይተርካል፤ ቀጥሎ በአማርኛ ያሉትን ተቀራራቢ ቃላት ይመዝናል፤ ከዚያም በፎገራ ወረዳ የተፈጸመ አንድ የታወቀ ታሪክ በማንሣት የድጋፍን ምንነት ለማሳየት ይሞክራል።

2. የቃሉ መነሻ

እንግሊዛዊው ደራሲ ፓትሪክ ሐሚልተን «ጋዝ ላይት» የተሰኘውን ተውኔት ለመድረክ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። ታሪኩ በ19ኛው መቶ ዓመት ለንደን ውስጥ በአንድ ቤት የሚፈጸም ነው። ባልየው ዕቃ እየደበቀ ሚስቱን «አንቺ ነሽ የጣልሽው» ይላታል። ማታ ማታ የወጣ መስሎ በድብቅ ወደ ላይኛው ፎቅ ይመለስና የተገደለች ሴት የተወችውን ዕንቍ ይፈልጋል። ለፍለጋው የላይኛውን መብራት ሲያበራ የታችኛው መብራት ይደክማል። ሚስቲቱ ይህን ታያለች። ነገር ግን አእምሮዋ እየታወከ መሆኑን ደጋግሞ ስለ ነገራት ያየችውን ለማመን ትፈራለች። ተውኔቱ እ.ኤ.አ. በ1940 በእንግሊዝ፣ በ1944 ደግሞ በአሜሪካ በፊልም ተሠራ። ሁለተኛውን ያዘጋጀው ጆርጅ ኪዩከር ሲሆን፣ የሚስቲቱን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ኢንግሪድ በርግማን በዚሁ ሥራዋ የኦስካር ሽልማት አግኝታለች።

ከዚህ ላይ ተርጓሚ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በዚያ ዘመን የለንደን ቤቶች መብራት በቧንቧ በሚመጣ ጋዝ የሚነድ ነበር። ክፍሎቹ ሁሉ ከአንድ ቧንቧ ስለሚቀዱ በአንዱ ክፍል ሲበራ የሌላው ኃይል ይቀንሳል። የመብራቱ መድከም በቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው መኖሩን የሚያጋልጠው በዚህ ምክንያት ነው። በእኛ አገር «ጋዝ» ሲባል በአንባቢው ሐሳብ የሚመጣው ላምባ ነው፤ «የጋዝ መብራት» ሲባልም ኩራዝ ወይም ፋኖስ ነው። ኩራዝ ደግሞ ለብቻው የሚቆም ነው፤ የጎረቤት ኩራዝ ስለ በራ አይደክምም። እንግዲህ ቃሉን በቀጥታ «ጋዝ ማብራት» ብሎ የተረጎመ ሰው ምሥጢሩን ከነመሠረቱ ጥሎታል ማለት ነው።

ከተውኔቱ በኋላ ስሙ ቀስ በቀስ ወደ ግስነት ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1961 የሥነ ሰብእ ሊቁ አንቶኒ ዋላስ ጤነኛን ሰው ወደ እብደት መግፋት ይቻላል የሚለውን የሕዝብ እምነት ሲጠቅስ ተጠቀመበት። በ1969 በርተንና ዋይትሄድ የተባሉ ሐኪሞች «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፣ ዘመዶች አንድን ሰው ከቤት ለማስወጣት ሲሉ የአእምሮ ሕመምተኛ አስመስለው ወደ ሆስፒታል ለማስገባት ያሤሩባቸውን ሁኔታዎች በዚህ ስም ገለጹ። በ2007 ሮቢን ስተርን ለሰፊው ሕዝብ በጻፈችው መጽሐፍ ቃሉ ከሐኪሞች ወደ ቤተሰብ ገባ። በ2019 የማኅበረሰብ ጥናት ሊቋ ፔጅ ስዊት ነገሩ የሁለት ሰዎች ጠባይ ብቻ አለመሆኑን አስረዳች፤ ሥር የሚይዘው በማኅበረሰቡ ውስጥ አስቀድሞ ባለ የሥልጣን አለመመጣጠን ላይ ነው፣ ይልቁንም ሴት ስሜታዊ እንጂ አስተዋይ አይደለችም በሚለው አስተሳሰብ ላይ ነው ስትል። በ2022 ሜሪየም ዌብስተር የተባለው የአሜሪካ መዝገበ ቃላት የዓመቱ ቃል አድርጎ መረጠው።

ቃሉ በዝና ሲሰፋ ትርጉሙም ላልቷል። ዛሬ በእንግሊዝኛ ተራ ውሸትም፣ ተራ የሐሳብ ልዩነትም በዚሁ ስም ሲጠራ ይሰማል። እኛ ስያሜ ስናወጣ የላላውን ሳይሆን የጠበቀውን ፍቺ መያዝ ይገባናል። የጠበቀው ፍቺ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ይኸውም አንድ ሰው የሆነውን አልሆነም ብሎ ይክዳል፤ ይህንንም ደጋግሞ ያደርገዋል፤ በመጨረሻም ጥፋቱ በሌላው ሰው ማስተዋል ላይ እንዳለ አድርጎ ያሳያል።

3. የአማርኛው ጓዳ ሲፈተሽ

በተለመደው የስያሜ አወጣጥ ሥርዓት መጀመሪያ የሚፈተሸው አማርኛው ራሱ ነው፤ ከዚያ ግዕዝና ሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ይከተላሉ፤ የውጭ ቃል መዋስ የመጨረሻው ነው። በአብዮቱ ዘመን «ላብ አደር» እና «ወዝ አደር» ሥር ሊሰድዱ የቻሉት ሰው ከሚያውቀው ከላብና ከወዝ ስለ ተሠሩ ነው። በዚሁ መንገድ እንሂድ።

አታለለ፣ ሸነገለ፣ አሞኘ፣ አጭበረበረ፣ አወናበደ የሚሉት ግሦች በእጃችን አሉ። ሁሉም ግን አንድ ጉድለት አለባቸው። የተታለለ ሰው ገንዘቡን ወይም እውነቱን ያጣል እንጂ ማስተዋሉን አያጣም። ነገሩን የደረሰበት ዕለት «ተታለልኩ» ብሎ ይነሣል። ያሁኑ ተበዳይ የተነጠቀው ግን ያንኑ የሚደርስበትን ማስተዋል ነው።

«አፍዝ አደንግዝ» የሚለውም ሊታሰብ ይችላል። በሕዝብ እምነት ሰውን አፍዝዞ ዕቃውን የሚያስነጥቅ መድኃኒት ወይም አስማት ነው። የሁኔታውን ገጽታ በሚገባ ይሥላል፤ ሆኖም ጥፋቱን ከሰው ወደ አስማት ያዞራል። «ልብ ነሣ» እና «ቀልብ ነሣ» ከእነዚህ ሁሉ ይቀርባሉ። ቀልብ ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን በዚያ ቋንቋ ልብ ማለት ነው፤ በእኛ ዘንድ ትኩረትንና እርጋታን ያመለክታል። ይሁን እንጂ «ልብ የነሣው» የሚለው አነጋገር ተበዳዩን የሚያዋርድ ስድብ ነው፤ በዳዩን አይነካውም። «አሳበደ» ደግሞ ያንኑ የበዳዩን ክስ መልሶ ያጸናል። በግዕዝ «አብድ» ሰነፍን፣ ማስተዋል የጎደለውንም የሚያመለክት ሲሆን፣ በአማርኛ «እብድ» ምስክርነቱ ከቁም ነገር የማይገባ ሰው መጠሪያ ሆኗል። በዳዩ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

የሚቀረን «ካደ» ነው። ሥሩ ግዕዝ «ክሕደ» ሲሆን፣ አማርኛው የሆነን ነገር አልሆነም ማለትን፣ አደራ መብላትንም፣ ሃይማኖት መተውንም ያጠቃልላል። «አስካደ» ሲባል በብዛት የሚታወቀው በሃይማኖት ነገር ነው፤ ሰውን ይዞ በነበረበት እምነት ላይ «አላምንም» ማሰኘት ማለት ነው። ስዋስዉን ያስተውሏል። በ«አስ» የሚመሠረት ግስ ሁለት አድራጊዎች አሉት፤ አንዱ አዛዡ ነው፣ ሌላው ድርጊቱን በራሱ የሚፈጽመው ነው። «አስካዳት» ስንል ካጂዋ እርሷው ናት፤ የክህደቱ ባለቤት ግን ሌላ ነው። የበደሉ ምሥጢር በሙሉ በዚህ ዐጭር ግስ ውስጥ ይገኛል። በዳዩ መጀመሪያ ሥራውን ራሱ ይክዳል፤ ቀጥሎም ያየችው ሴት ዐይኗን እንድትክድ ያደርጋታል።

አማርኛ ተናጋሪ የዐይንን ምስክርነት እጅግ ያከብራል። በችሎትም ሆነ በሽምግልና ከወሬ ምስክር ይልቅ የዐይን ምስክር ይመዝናል። ሰው እውነቱን ሊያጸና ሲፈልግ «ዐይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ ይምላል። ደፋር ውሸትንም «ዐይን ያወጣ» እንለዋለን። ስለዚህ «ያዩትን ማስካድ» የሚለው ሐረግ በቋንቋው ውስጥ ዘመድ አለው፤ ለማንም ገበሬ ቢነገር ማብራሪያ ሳይጠይቅ ይገባዋል። ድርጊቱ «ያዩትን ማስካድ»፣ አድራጊው «አስካጅ» ቢባል ይስማማል።

ስያሜውን በኑሮ ምሳሌ እንፈትነው። ወረታ ከተማ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የደብረ ታቦር መንገድ በሚገነጠልበት ሥፍራ ትገኛለች። ርብና ጉማራ ወንዞች የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ዛሬ በሩዙ ይታወቃል። እንግዲህ አንዲት የፎገራ ሴት በመኸር ጊዜ ሰባት ማዳበሪያ ሩዝ ቆጥራ አስገባች እንበል። ባልየው ሁለቱን ሳይነግራት ወረታ ገበያ ሸጠና «ድሮም አምስት ነበር» አላት። ይህ ለጊዜው ውሸት ነው። በማግሥቱ ስለ ዶሮው፣ በሳምንቱ ስለ ተበደሩት ገንዘብ፣ በወሩ ስለ ተናገረው ነገር እንዲሁ እያለ፣ ለጎረቤትም «መርሳት ጀምራለች» ብሎ ቢነዛ፣ አንድ ቀን ሴቲቱ መቍጠሯን ትተዋለች። ጎተራው ፊት ቆማ «ስንት ነበር?» ብላ እርሱን መጠየቅ ትጀምራለች። ውሸቱ ወደ ማስካድ የተሻገረው እዚህ ላይ ነው። መለያውም ይኸው ነው፤ ሰው ባየው ነገር ላይ የሌላውን ፈቃድ መጠየቅ ሲጀምር።

4. የፎገራው ታሪክ

በዚሁ በፎገራ ወረዳ፣ ከወረታ በስተምሥራቅ በዓለም በር በኩል የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ይገኛል። ማኅበረሰቡ የተመሠረተው በ1964 ዓ.ም. ነው። መሥራቹ አቶ ዙምራ ኑሩ፣ በኋላ የክብር ዶክተር፣ የልጅነት ታሪካቸውን በተለያዩ ጊዜያት ተናግረዋል። እናታቸው ቀኑን ከአባታቸው ጋር በእርሻ ውላ፣ ማታ አባት ሲያርፍ እርሷ ስትፈጭና ስታበስል፣ ጉድለት ሲገኝባትም ስትሰደብና ስትመታ አዩ። ይህ ለምን እንደሚሆን ጠየቁ። ስለ አረጋውያን መጣል፣ በሃይማኖት ስለ መለያየትም ጠየቁ። የተሰጣቸው መልስ ስለ ጥያቄው አልነበረም፤ ስለ ጠያቂው ነበር። ልጁ አእምሮው የታወከ ነው ተባለ። ገና በለጋነታቸው ከቤት ወጥተው፣ ሐሳባቸውን የሚጋራ ሰው ፍለጋ ለዓመታት ከአገር አገር ተንከራተቱ።

ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይህ ታሪክ በጠበቀው ፍቺ ያዩትን ማስካድ ነው ለማለት አንደፍርም። ቤተሰቡ ሤራ አልዶለተም፤ የተናገረውን ከልቡ ያምን ነበር ብሎ መገመት ይገባል። ደግሞም ልጁ የእናቱን ድካም ማየቱን ማንም አልካደም፤ የተካደው ያየው ነገር በደል መሆኑ ነው። ነገር ግን ታሪኩ ፔጅ ስዊት ከገለጸችው ጋር በጣም ይገናኛል። አንድ አስካጅ ባል በጓዳው ውስጥ «አእምሮሽ ታውኳል» ሲል ቃሉ ኃይል የሚያገኘው፣ ከደጅ ያለው ማኅበረሰብ ያንኑ ቃል አስቀድሞ አዘጋጅቶ ስለሚጠብቀው ነው። ልማድን የጠየቀ ሁሉ እብድ በሚባልበት ሥፍራ አስካጅ አዲስ ውሸት መፍጠር አያስፈልገውም፤ የተዘጋጀውን ያነሣል።

ለእኛ ዋናው ነገር የታሪኩ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። አቶ ዙምራን ካሉበት ያወጣቸው ያገር ሽማግሌ ብይን ወይም የሐኪም ማረጋገጫ አልነበረም። በፎገራ ሐሳባቸውን የሚጋሩ ገበሬዎች ማግኘታቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ያ «እብደት» የኑሮ ሥርዓት ሆነ። ሴቶች ሞፈር ጨበጡ፤ ወንዶች ፈተሉ፣ አበሰሉም፤ ጧሪ ያጡ አረጋውያን የሚረዱበት ቤት ቆመ። ማኅበረሰቡ በደርግ ዘመን ማብቂያ ተሰድዶ ከመንግሥት ለውጥ በኋላ ቢመለስም ሐሳቡ አልፈረሰም፤ የአንድ ሰው ዐይን ብቻ አልነበረምና።

የለንደኑን ተውኔት መለስ ብለን እንይ። እዚያም ሚስቲቱን የሚያድናት ከአገልግሎት የወጣው መርማሪ ሲመጣ ነው። ኃይሉ በሥልጣኑ ብቻ አይደለም፤ ከእርሷ ጋር በዚያ ክፍል ተቀምጦ መብራቱ ሲደክም እርሱም ማየቱ ነው። ብዙ ዘመንና ብዙ ባሕር የሚለያቸው ሁለት ታሪኮች፣ አንዱ ልብ ወለድ አንዱ እውነተኛ፣ የሚገናኙት በሁለተኛው ዐይን ላይ ነው።

5. የደጋፊው ቃላት

ይህን ከተቀበልን፣ ደጋፊ የሚጠቀምባቸውን የአማርኛ ቃላት አንድ በአንድ ልንመረምር ይገባናል።

የመጀመሪያው «አመነ» ነው። ይህ ግስ የሰውን ቃል እውነት ብሎ መቀበልንም፣ ጥፋትን መቀበልንም ያመለክታል፤ «ወንጀሉን አመነ» እንደምንል። ያዩትን ያስካዷት ሴት ለሁለተኛው ፍቺ የተጋለጠች ናት፤ ባላጠፋችው «እኔ ነኝ ያጠፋሁ» ብላ ታምናለች። የሚያስፈልጋት የመጀመሪያው ነው፤ ሰው እንዲያምናት። እርሷ ጥፋቱን ከማመኗ በፊት ሌላው ቃሏን ማመን አለበት።

ሁለተኛው «አጽናና» ነው። ዛሬ በአብዛኛው ለሐዘን የምናውለው ቢሆንም ሥሩ «ጸና» ነው። ማጽናናት የተናወጠውን እንደገና ማጽናት ነው እንጂ እንባ መጥረግ ብቻ አይደለም። መሬቱ የተናወጠበት ሰው ከዚህ ቃል የሚፈልገው ይህን ጥንታዊ ፍቺ ነው። «አይዞሽ» መልካም ቃል ነው፤ ነገር ግን «አይዞሽ፣ ይለፍልሽ፣ ባታስቢው ይሻላል» ከተባለ ያየችውን እንድትተው መጋበዝ ይሆናል።

ሦስተኛው «መሰከረ» ነው። ምስክር ያየውን ብቻ ይናገራል። ስለዚህ ደጋፊ ያላየውን አይቻለሁ ማለት የለበትም። «እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ አንቺ ግን ያየሽውን ከመጀመሪያው ንገሪኝ» ቢል ይበቃል። መጀመሪያ የሚጠየቀውም «ምን አደረገሽ?» ሳይሆን «ምን አየሽ?» ነው። የፊተኛው ፍርድ ይጠይቃል፤ የኋለኛው ዐይኗን ይመልስላታል። ማንበብና መጻፍ የምትችል ከሆነ ነገሩን ከነቀኑ ጽፋ በዳዩ በማይደርስበት ሥፍራ ብታኖር፣ ካልቻለችም በዕለቱ ለምታምናት ጎረቤት ብትነግር፣ በኋላ «ሕልም ነበር ወይ?» የሚለውን ጥያቄ የሚመልስ ነገር ይኖራታል።

አራተኛው «አስታረቀ» ነው። ሽምግልና ትልቅ ሀብታችን ነው፤ ነገር ግን ለዚህ በደል ሳይመረመር ከዋለ ይጎዳል። ሽማግሌ ልማዱ ጥፋትን ለሁለት መክፈል ነው፤ «አንተም ተው፣ አንቺም ተይ» ይላል። ሰባት የቆጠረችና አምስት ነው ያለ ሰው ሲታረቁ ስድስት ነው ቢባል ሰላም ይወርድ ይሆናል፤ ሴቲቱ ግን ዐይኗን ለሁለተኛ ጊዜ ከዳች ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ በሽማግሌ ፊት። እርቅ የሚመጣው ቍጥሩ ከታወቀ በኋላ ነው።

ከዚህ ሌላ ደጋፊ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሴቲቱ የሰውን ዐይን መጠየቅ ለምዳለችና የባሏን ዐይን በደጋፊዋ ዐይን ልትተካ ትችላለች። «ውጪ»፣ «ፍቺ»፣ «ክሰሺ» ብሎ ማዘዝ ፍርዷን ከአንዱ እጅ ወስዶ ለሌላው መስጠት ነው። እርሷ የነገረችውን ይዞ ባልየውን መጋፈጥም ቅጣቱን በእርሷ ላይ ያመጣል። ዛቻ ወይም ዱላ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ደኅንነቷ ይቀድማል፣ ሕግም ይጠራል። እንቅልፍና ምግብ ከራቃት፣ ተስፋ ከቈረጠች፣ ሐኪም ዘንድ መሄዷ የእብደት ማረጋገጫ አለመሆኑ አስቀድሞ ሊነገራት ይገባል።

6. መደምደሚያ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ በሚፈጸም የኃይል ድርጊት አካላዊ ብቻ ሳይሆን አእምሮኣዊ ጤንነት መጎዳቱን ይጠቅሳል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሕግ በቅርብ ግንኙነት ውስጥ የሚፈጸም ተደጋጋሚ የመቆጣጠርና የማስገደድ ጠባይን ራሱን ወንጀል አድርገዋል። ሕግ ጉዳቱን ሊያውቀው ይችላል፤ ባለጉዳይ ግን ጉዳቱ በምን መንገድ እንደ ደረሰባት ለመርማሪ፣ ለጠበቃ፣ በባዕድ አገርም ለአስተርጓሚ መግለጽ አለባት። አስተርጓሚው «አታለለኝ ትላለች» ብሎ ቢያልፍ ክሱ ይቀልላል። «ያየሁትን አስካደኝ» ካለች ግን ድርጊቱ፣ አድራጊውና ጉዳቱ በሁለት ቃል ይገለጣሉ።

ስለዚህ «ያዩትን ማስካድ» የሚለውን ስያሜ ለአንባብያን ትችት አቅርበናል። የሚሻል ካለ ይቅረብ፤ በጎጃም፣ በወሎ፣ በሸዋ ለዚህ ነገር የሚነገር የአፍ ቃል የሚያውቅም ቢያካፍለን መልካም ነው። የሚመረጠው ቃል ግን አንድ ፈተና ማለፍ አለበት። በፎገራ ሜዳ ጎተራዋ ፊት የቆመች ሴት ሰምታው «ይኸ የእኔ ነው» ልትል፣ አጠገቧ የተቀመጠችው ጎረቤቷም «ቍጠሪ እስቲ፣ እኔም ልይ» ለማለት ልትነሣሣ ይገባል።